ነጠላው ነጠላ ሆኖ እንዲቀር፦ ገጸ ባሕርይን በባለቀለም እርሳስ መቀባትና በደንብ ስካን ማድረግ

በባለቀለም እርሳስ የተቀባ ሥዕል ስካን ሲደረግ መጀመሪያ የሚጠፋው ፈዘዝ ያለው ቀለም ነው። ጉንጭ ላይ ያለው ብርሃን፣ የነጠላ እጥፋት፣ ውሃው ላይ የተኛው ግራጫ። ጠቆር ያለው ደግሞ ተጠቃሎ አንድ ጥቁር ይሆናል። ብዙ ሰው ጥፋቱን ስካነሩ ላይ ያላክካል። ግማሹ እውነት ነው፤ ቀሪው ግማሽ ግን ገና ቀለም ስንቀባ የሚወሰን ነገር ነው። ስለዚህ ከወረቀት ምርጫ ጀምሮ ስካነሩን እያሰብን እንሥራ።

ለምሳሌ አንዲት ገጸ ባሕርይ እንያዝ። ጠይም ልጅ ናት፣ ነጠላ አጣፍታለች፣ ጣና ዳር ከደንገል ታንኳ አጠገብ ቆማለች። እሷን የመረጥኩት አስቸጋሪዎቹን ነገሮች በአንድ ገጽ ስለምትሰበስብልን ነው፦ ጠይም ቆዳ፣ ነጭ ጨርቅ፣ ጥለት፣ ደረቅ ደንገልና ውሃ።

ዕቃው

እርሳስ ባለ 24 ከሆነ ይበቃል። በባለ 12ቱ ፓኮ ውስጥ ብዙ ጊዜ ቡናማው አንድ ብቻ ነው፤ ለእኛ አገር ሰው ፊት ደግሞ ቢያንስ ሦስት ዓይነት ቡናማ ያስፈልጋል፦ ወደ ቢጫ የሚያደላ፣ ወደ ቀይ የሚያደላና ጠቆር ያለ። በእርሳሱ ውስጥ ያለው ቀለም በሰም ወይም በዘይት የተያዘ ነው። ፕሪዝማከለር ፕሪሚየር የሰም ነው፣ ለስላሳና ቶሎ የሚዋሃድ። ፋበር ካስቴል ፖሊክሮሞስ የዘይት ነው፣ ጠንከር ይላል፣ ጫፉም ቶሎ አይደንዝም። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካላችሁ ላኩበት። ከሌላችሁ ከስቴሽነሪ የሚገዛው የተማሪ እርሳስም ይሠራል። ቀለሙ ስስ ስለሆነ ትዕግሥት ይጠይቃል እንጂ።

ወረቀቱ ላይ ግን አትቆጥቡ። የፎቶ ኮፒው 80 ግራም ወረቀት ሁለት ሦስት ዙር ቀለም ከተቀባ በኋላ ይሰለቻል፣ ይሞላል፣ ይኮማተራል። ከ160 እስከ 200 ግራም የሆነ፣ በጣት ሲዳሰስ ትንሽ ብቻ ሻከር የሚል ፈልጉ። በጣም ለስላሳ ከሆነ ቀለሙን አይዝም። የውሃ ቀለም ወረቀት ደግሞ ለዚህ ሥራ ከመጠን በላይ ሻካራ ነው። በእያንዳንዷ ጉድጓድ ውስጥ ነጭ ነጥብ ይቀራል፤ ስካነሩም ነጥቧን አጉልቶ ያሳያታል።

ከሐይቁ አጠገብ ለምትኖሩ አንድ ነገር ልጨምር። በክረምት ወረቀት እርጥበት ይስባል። እርጥበት የሳበ ወረቀት ይለሰልሳል፣ እርሳሱ ይቦረቡረዋል፣ ጠርዙም ይታጠፋል። ወረቀቱን በላስቲክ ከረጢት ውስጥ፣ ከበድ ካለ መጽሐፍ ሥር አኑሩት።

የምትቀቡበት ብርሃንም ወሳኝ ነው። ማታ በቢጫ አምፖል ሥር ፈዛዛ ቢጫና ክሬም ከነጩ ወረቀት አይለዩም፤ ያልቀባችሁ እየመሰላችሁ ትደጋግሙታላችሁ። ጠዋት ወይም ከሰዓት መስኮት ዳር ተቀመጡ፤ ፀሐይዋ ግን ወረቀቱ ላይ በቀጥታ አትረፍ።

1. ንድፉና መስመሩ

ንድፉን በተለመደው እርሳስ ቀለል አድርጋችሁ አውጡ። ከዚያ ከመቀባታችሁ በፊት በላጲስ ጫን ጫን እያደረጋችሁ አፍዝዙት፤ በጭንቅ እስኪታይ ድረስ። ይህን መዝለል አይቻልም። ባለቀለም እርሳሱ ንድፉን ከሸፈነው በኋላ ላጲስ አያነሳውም። ቢጫና ክሬም ሥር የቀረ ጥቁር እርሳስ ደግሞ ቀለሙን ያቆሽሸዋል።

መስመሩን በጥቁር ብዕር የምታወጡ ከሆነ ውሃ የማያስለቅቀው፣ ቀጭን ጫፍ ያለው ይሁን። ከመቀባት በፊት አውጡትና በደንብ ይድረቅ። ከቀለሙ በኋላ ካወጣችሁት የብዕሩ ጫፍ በሰም ይደፈናል፣ መስመሩም ይቆራረጣል። ተራ ስክሪፕቶ አልመክርም። የቅባት ቀለሙ በላዩ ሲታሽ ይሰራጫል።

እኔ የምመርጠው ሌላ ነው። የፊትና የእጅ መስመር በጠቆር ያለ ቡናማ እርሳስ፣ የልብሱ በግራጫ፣ ጥቁሩ ለዓይንና ለፀጉር ብቻ። ሥዕሉ መጨረሻ ላይ የሚታየው ስልክ ላይ፣ በአውራ ጣት ስፋት ነው። በዚያ መጠን ገጸ ባሕርይን የምናውቀው በዓይኗ ነው። ዘጌ ላይ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ገዳም የገባ ሰው ይህን አይቶታል፤ ቅዱሳኑ ፊት ለፊት በትልልቅ ሁለት ዓይን ያዩናል፣ ክፉዎቹ ደግሞ በጎን፣ በአንድ ዓይን። የጥንቶቹ ሠዓሊዎች የዓይንን መስመር አጥቁረው የሳሉት ፊቱ ከሩቅ እንዲለይ ያደርጋል። ለእኛም ይሠራል።

2. ባለቀ ስክሪፕቶ ማስረግ

ይህ ለነጠላ፣ ለሹሩባና ለጥለት የሚሆን ዘዴ ነው። ቀለሙ ያለቀ ስክሪፕቶ ውሰዱ። ነጭ ሆነው እንዲቀሩ የምትፈልጓቸውን ቀጫጭን መስመሮች፣ ለምሳሌ በሹሩባዎቹ መካከል የሚታየውን ስንጥቅ ወይም በጥለቱ ውስጥ ያሉትን ነጭ ክሮች፣ ጫን አድርጋችሁ አስምሩ። ወረቀቱ ይሰረጉዳል እንጂ ቀለም አይተውም። በኋላ ባለቀለም እርሳሱን በጎኑ ስታስኬዱት ስርጉዱን ይዘለዋል፤ መስመሩም ነጭ ሆኖ ይቀራል። የራስ ቆዳው እንዲታይ ከፈለጋችሁ መጀመሪያ በፈዛዛ ቡናማ ቀቡ፣ ከዚያ አስምሩ፣ ከዚያ በጥቁሩ እለፉበት። መስመሩ ቡናማ ሆኖ ይወጣል።

ከሥሩ ሁለት ሦስት ወረቀት አንጥፉ። ጠረጴዛው ጠጣር ከሆነ መስመሩ በቂ አይሰርግም።

3. ፊቱ

ጊዜያችሁን የምታጠፉት እዚህ ነው። ቡናማ አንስቶ ፊቱን መሙላት የጭቃ ቀለም ይሰጣል። ጠይም ፊት በውስጡ ቢጫም፣ ቀይም፣ ወይን ጠጅም አለው።

እርሳሱን ወደ ኋላ ያዙት፣ ሳትጫኑ፣ በትናንሽ ክብ እንቅስቃሴ ቀቡ። የመጀመሪያው ዙር ወደ ቢጫ የሚያደላው ቡናማ ነው፤ ፊቱን ሁሉ ይሸፍን። ግንባሯ ላይ፣ በአፍንጫዋ ጫፍ፣ በጉንጯ አናት ላይ ግን ወረቀቱን ባዶውን ተዉት። ሁለተኛው ዙር ብርቱካናማ ወይም የሸክላ ቀለም ያለው ቡናማ ነው። ጉንጭ፣ የአፍንጫ ጎን፣ ጆሮ፣ ከንፈር ዙሪያ። ሦስተኛው ብዙ ሰው የሚፈራው ነው፤ ወይን ጠጅ ወይም ጠቆር ያለ ሰማያዊ በጥላው ቦታ ላይ። ከአገጭ ሥር፣ አንገት ላይ፣ ዓይን ከሚገባበት ጎድጓዳ፣ ከታችኛው ከንፈር ሥር። ሲቀባ ያስደነግጣል፤ ፊቷ የተመታ ይመስላል። ተዉት፣ ቀጥሉ። አራተኛው ዙር መካከለኛ ቡናማ ሆኖ ሁሉንም አንድ ያደርጋል፤ ወይን ጠጁም ጥላ ይሆናል። ከዚያ ጠቆር ባለው ቡናማ በጣም ጥልቅ የሆኑትን ቦታዎች ብቻ ነካ ነካ አድርጉ።

ጥቁር እርሳስ ፊት ላይ አይግባ። ጥቁሩ ቀለሙን ይገድለዋል። ስካነሩም ጠቆር ያለውን ቡናማና ጥቁሩን ሳይለይ አንድ ጉድጓድ ያደርጋቸዋል።

ለቀይ ዳማ ፊት መነሻው ክሬምና ብርቱካናማ ነው፤ ወይን ጠጁ ይቀንሳል። ለጥቁር ፊት ግን ቅደም ተከተሉን ገልብጡት። ከወይን ጠጅና ከጥቁር ሰማያዊ ጀምሩና ቀይ ቡናማውን ከላይ አምጡ። ብርሃኑን ነጭ ሳይሆን ውሃ ሰማያዊ ብታደርጉት ቆዳው ያበራል።

ልጃችን ቆማ ያለችው ውሃ ዳር ነው። የጣና ብርሃን ከላይ ብቻ አይመጣም፤ ከውሃውም ተመልሶ ከታች ይመታል። ስለዚህ ከአገጯ ሥር፣ ጥላው ውስጥ፣ በአጥንቱ ጠርዝ በኩል ቀጭን ግራጫ ሰማያዊ ጣል አድርጉ። ይህቺ አንዲት መስመር ሥዕሉን ከስቱዲዮ አውጥታ ሐይቅ ዳር ታቆመዋለች።

4. ነጠላው

ነጭ ጨርቅ የሚሳለው በጥላው ነው። የነጠላው ብርሃን የወረቀቱ ነጭ ነው፤ እናንተ የምትቀቡት እጥፋቱን ነው። ለእጥፋቱ ሁለት ቀለም በቂ ነው፦ ፈዛዛ ሰማያዊ ግራጫና ፈዛዛ ወይን ጠጅ። ፀሐይ በሚመታው በኩል ጥቂት ክሬም ጨምሩ። ነጠላ ስስ ነው፤ በአንድ ዙር ብቻ በተጣለበት ቦታ ከሥሩ የልብሷ ወይም የትከሻዋ ቀለም ፈዘዝ ብሎ ይታያል። ያንን ካሳያችሁ ጋቢ አይመስልም።

አሁን ዋናው ነገር። ጥላውን ዓይናችሁ ከሚፈልገው በአንድ ደረጃ አጥቁሩት። ወረቀቱ ላይ ትንሽ የበዛ ይመስላል፤ ይምሰል። ስካን ሲደረግ በጣም ፈዛዛው ደረጃ ስለሚበላ፣ ልክ ነው ብላችሁ ያቆማችሁት ጥላ ስክሪን ላይ ባዶ ነጭ ይሆናል። ሥዕሉን በግማሽ ክፍት ዓይን ተመልከቱ። እጥፋቱ አሁንም ከታየ በቂ ነው።

ጥለቱን በመጨረሻ፣ በደንብ በተቀረጸ ጫፍ ሥሩ። መጀመሪያ ፈዛዛው ክር፣ ከዚያ ጠቆር ያለው። ጥለቱ እጥፋቱን ተከትሎ መታጠፍ አለበት። ቀጥ ብሎ ከሄደ ጨርቅ ላይ የተለጠፈ ፕላስተር ይመስላል።

5. የቀረው

ደንገሉን በርዝመቱ፣ አንድ በአንድ ሰረዝ ቀቡ፤ ቢጫ ቡናማ ከሥር፣ ጥቂት አረንጓዴ፣ በእስሮቹ መካከል ጠቆር ያለ ቡናማ። ውሃውን በደማቅ ሰማያዊ አትሙሉት። ጣና ደለል የሚገባበት ሐይቅ ነው፣ በተለይ በክረምት ቡናማ ግራጫ ነው። በግራጫ፣ በጥቂት አረንጓዴና በቡናማ ብትሠሩት ልጅቷም ጎልታ ትወጣለች። ሰፊ ሰማይ በእርሳስ መሙላት ደግሞ አልወድም። ድካሙ ብዙ ነው፣ ስካኑም ሲወጣ ነጭ ነጥብ ይበዛዋል። ከጀርባዋ ወረቀቱን ባዶ መተው አያሳፍርም።

ሁሉም ካለቀ በኋላ፣ በፊት አይደለም፣ ልስልስ እንዲል የምትፈልጉትን ቦታ በክሬም ወይም በነጭ እርሳስ ጫን ብላችሁ አሹት። ቀዳዳዎቹ ይሞላሉ፣ ቀለሙም ይለሰልሳል። ከዚህ በኋላ ሌላ ቀለም እንደልብ አይይዝም። ቤቢ ኦይል የሚጠቀሙ አሉ። ስስ ወረቀት ላይ ዘይቱ ይሰራጫል፣ ኋላም ስካነሩ መስታወት ላይ ይታተማል፤ ይቅርባችሁ።

6. ከስካን በፊት

የሰም እርሳስ ከተወሰነ ቀን በኋላ ጠቆር ባሉ ቦታዎች ላይ ነጣ ያለ ጭጋግ ያወጣል። ሰሙ ወደ ላይ እየወጣ ነው። በለስላሳ የጥጥ ጨርቅ ሳትጫኑ ጠረግ አድርጉት። የላጲስ ብናኙን በለስላሳ ብሩሽ አንሱ። በአፍ እፍ አትበሉ፤ የምራቅ ጠብታ ቀለሙ ላይ ትታያለች። ወረቀቱ ከተኮማተረ ሌሊቱን በሁለት ንጹሕ ወረቀት መካከል አድርጋችሁ ከከባድ መጽሐፍ ሥር አሳድሩት።

7. ስካኑ

ብዙዎቻችን ስካነር የለንም፤ ባሕር ዳር ፔዳ በር ላይም ሆነ መሀል ከተማ ወዳሉት ፎቶ ኮፒ ቤቶች እንሄዳለን። እዚያ ያለው ማሽን የተስተካከለው ለትራንስክሪፕትና ለመታወቂያ ነው። የሚሠራው ልጅ እንደ ልማዱ ከላይ ባለው ማስገቢያ ሊያጎርሰው ይችላል፤ ማሽኑ ወረቀቱን ጠምዝዞ፣ ቀለሙን አሽቶ ያወጣዋል። ስለዚህ ገና ሳትሰጡት፦ «ወንድሜ፣ በመስታወቱ አድርግልኝ፣ ከላይ አታስገባው። ከለር ይሁን፣ 600 ላይ አድርገው፣ ፒዲኤፍ ሳይሆን በፎቶ አውጣልኝ» በሉት። ወረፋ ካለ ይነጫነጫል። ሰው በማይበዛበት ሰዓት ሂዱ።

መስታወቱን አስጠርጉ፤ በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ፣ ፈሳሽ ካስፈለገ ጨርቁ ላይ እንጂ መስታወቱ ላይ አይረጭ። ሥዕሉ ከጀርባው ሌላ ነገር ካለበት በላዩ ጥቁር ወረቀት ደርቡበት፤ የጀርባው እንዳያሳልፍ ያደርጋል። ክዳኑ ላይ መጽሐፍ ጫኑ። ቀጫጭኖቹ ስካነሮች ከመስታወቱ ትንሽ ከፍ ያለውን ነገር ያደበዝዙታል፤ ወረቀቱ ድፍን ብሎ መተኛት አለበት።

ጥራቱን በተመለከተ፣ ኤ ፎር ወረቀት በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ማለት ነው) 2480 በ3508 ፒክስል ይሆናል። በዚያው መጠን ለማተም ይበቃል። በ600 ደግሞ 4960 በ7016። ሳይጨመቅ የመጀመሪያው ወደ 26 ሜጋባይት፣ ሁለተኛው ወደ 104 ሜጋባይት ነው። 600ውን እመክራለሁ፣ ምክንያቱም ኋላ ሲያንስ የወረቀቱ ሻካራነት ለስለስ ብሎ ይወጣል። 1200 ግን ጊዜና ቦታ ማባከን ነው።

«አውቶ» የሚል ነገር ሁሉ ይጥፋ። አውቶ ከለር፣ ሻርፕን፣ አቧራ ማጥፊያ። አውቶው ወረቀቱን ነጭ ለማድረግ ሲል ነጠላውንም አብሮ ያነጣዋል፤ አቧራ ማጥፊያው የእርሳሱን ሰረዝ አቧራ መስሎት ይልሰዋል። ፋይሉ ቲፍ ወይም ፒኤንጂ ይሁን። ጄፔግ ብቻ ከሆነ ከፍተኛው ጥራት ላይ። ስካኑ ሻካራነቱን ካበዛው ወረቀቱን በሩብ ዙር አዙራችሁ ድገሙት። የስካነሩ መብራት ከአንድ ጎን ስለሚመጣ፣ አቅጣጫ ሲቀየር የጥቃቅኖቹ ጉድጓዶች ጥላም ይቀየራል።

ኤ ስሪ ከሆነ በሁለት ክፍል፣ መሀሉ በደንብ እንዲደራረብ አድርጋችሁ አንሱትና ኮምፒውተር ላይ አያይዙት። አውቶው ካልጠፋ ሁለቱ ግማሾች ቀለማቸው አይገጥምም።

ፍላሹን ቤት ስትደርሱ ከቫይረስ አጽዱት። ይህን ለባሕር ዳር ሰው መንገር አያስፈልግም።

8. ማስተካከል

ጊምፕ የሚባለው የሥዕል ማስተካከያ ፕሮግራም ነፃ ነው፣ ይበቃል። መጀመሪያ ዋናውን ፋይል ቅጂ አድርጉና ዋናውን አትንኩት።

ጥቁሩንና ነጩን የሚያስተካክለውን «ሌቭልስ»ን ክፈቱ። ከግራፉ ሥር በግራ የጥቁር፣ በቀኝ የነጭ ቀስት አለ። ጥቁሩን ግራፉ እስከሚጀምርበት ብቻ አምጡት። ነጩን ስትስቡ ዓይናችሁ ወረቀቱ ላይ ሳይሆን ነጠላው ላይ ይሁን፤ ሥዕሉን መቶ በመቶ አጉሉና በጣም ፈዛዛዋን እጥፋት ፈልጉ። እሷ መሳሳት ስትጀምር ቁሙ፣ ትንሽም መልሱት። ወረቀቱ አሁንም ግራጫ ወይም ክሬም ሊመስል ይችላል። ምንም አይደለም።

ወረቀቱ የሚነጣው በሌላ መንገድ ነው። ከልጅቷ ውጭ ያለውን ባዶ ቦታ በመምረጫው ከበቡት፣ ጠርዙን በሁለት ሦስት ፒክስል አለስልሱት፣ በንጹሕ ነጭ ሙሉት። ከመስመሩ ውጭ ያለው ይነጣል፤ በመስመሩ ውስጥ ያለው ነጠላ እንዳለ ይቆያል። ብዙ ሰው ሁለቱንም በአንድ ቀስት ሊጨርስ ሲል ነው ልብሱን የሚያጣው።

ከዚያ ሥዕሉን መስኮት ዳር ይዛችሁ ከስክሪኑ ጋር አስተያዩ። ፊቷ ከፈዘዘ የቀለም ድምቀቱን ጥቂት ጨምሩ፣ ጥቂት። ብርቱካናማ ሆና ከወጣች አልፋችኋል። ወይን ጠጅን ተጠንቀቁ፤ ከተማችንን የሚያስውበው የጃካራንዳ አበባ ዓይነት ቀለም ስክሪን ላይ አምሮ ማተሚያ ቤት ሲገባ ይደበዝዛል።

መብራት ከሌለ፦ በስልክ

ደመናማ ቀን ወይም በረንዳ ሥር ጥላ ፈልጉ፤ ከጠዋቱ 3 ሰዓት አካባቢ ጥሩ ነው። በአጠገቡ አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ የተቀባ ግድግዳ አይኑር፣ ቀለሙ ወረቀቱ ላይ ያርፋል። ወረቀቱን ግድግዳ ላይ ለጥፉ፣ ስልኩን በመሀሉ ትክክል ያዙ፣ ራቅ ብላችሁ በሁለት እጥፍ ዙም አንሱ፤ ቀርቦ ማንሳት ጠርዙን ያጎብጠዋል። ነጭ ወረቀት ካሜራውን ያታልለዋል፣ ፎቶው ጠቁሮ ይወጣል። ብርሃኑን ትንሽ ከፍ አድርጉና ቆልፉት። ዶክመንት የሚያነሱትን አፖች ተዉአቸው፤ ሥራቸው ጽሑፍን ማጥቆርና ወረቀትን ማንጣት ነው፣ ነጠላውን መጀመሪያ የሚበሉት እነሱ ናቸው።

መላክና ማስቀመጥ

ለማኅበራዊ ሚዲያ ረጅሙ ጎን 2000 ፒክስል አካባቢ፣ ጄፔግ፣ ጥራቱ ወደ 90። ቴሌግራም ላይ ለደንበኛ ወይም ለማተሚያ ቤት ስትልኩ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩ፣ እንደ ፎቶ የተላከው ይጨመቃል። ዋናውን ሥዕል በንጹሕ ወረቀት ሸፍናችሁ በክላሰር ውስጥ አኑሩት። ፀሐይ የሚመታው ግድግዳ ላይ አትስቀሉት። የተማሪ እርሳስ ቀለም ቶሎ ይለቃል፤ ብዙ ጊዜ ቀድመው የሚሄዱት ሮዙና ወይን ጠጁ ናቸው።